ስሟን የወረወረው ሰው

በእኛ ከተማ «ድንጋይ ተወረወረብኝ» ብሎ የሚከስ ሰው የለም። እንዲያውም ደስ ይለዋል፤ ለዘመድ ደውሎ ያወራል። ዘፋኝ በዘፈኑ መሐል፣ ጊታሩ ፈጠን ፈጠን ማለት ሲጀምር፣ የሰው ስም ጠርቶ ካለፈ «ድንጋይ ወረወረ» እንላለን። ሚኒስትር ይወረወራል፣ የጎማ ነጋዴ ይወረወራል፣ ፓሪስ ምን እንደሚሠራ የማይታወቅ ጎረምሳም ይወረወራል። በነጻ የሚወረወር ግን የለም። ይህን ኪንሻሳ ውስጥ ጥርስ ያላወጣ ሕፃን እንኳ ያውቀዋል። ስም ከተጠራ ያስጠራ አለ፤ ያስጠራ ካለ ደግሞ ምክንያት አለው።

እንግዲህ የሚስቴ ስም ተጠራ።

እሑድ ከሰዓት በኋላ ነበር። ዮሎ ሠፈር፣ ከቤታችን ፊት ለፊት ባለው ቢራ ቤት ደጅ፣ ከፓፓ ባዚል ጋር ትልቁን ጠርሙስ አስከፍተን ተቀምጠናል። ፓፓ ባዚል ጡረታ የወጣ የጉምሩክ ሰው ነው። በዚያ ሙቀት ባርኔጣ አያወልቅም፤ ነጭ መሐረቡ ደረት ኪሱ ላይ እንደ ርግብ ክንፍ ቆሞ ይውላል። ወጣት ሳለን ከሚስቴ ጋር ቻ-ቻ-ቻ ይደንስ ነበር፤ በጣም ያምርበት እንደነበር ሁሉም ሰው ይነግረኛል፤ ማንንም ሳልጠይቅ። የዕድሜ ልክ ወዳጄ ነው። ያን ሁሉ ዘመን ሙሉ በሙሉ አምኜው አላውቅም።

የማርሻል ሲልቬር አዲስ ዘፈን ተከፈተ። ማርሻሉ ጦር ሜዳ ቀርቶ የሠፈር ጠብ እንኳ አይቶ አያውቅም፤ ማዕረጉን ለራሱ የሰጠው ራሱ ነው። ዘፈኑ በፍቅር ጀመረ፤ ፍቅሩ ቶሎ አለቀና ስሞች መጡ። አንድ ሚኒስትር፣ አንድ የሲሚንቶ ነጋዴ፣ ከዚያ፦

«ሴራፊን ንሶና፣ የዮሎ ኩራት!»

ሥራዬ ድምፅ ማጉያ መጠገን ነው። የዚያን ቢራ ቤት ድምፅ ማጉያ በቅርቡ ያደስኩት እኔው ነኝ። ስለዚህ «ድምፁ ይቆራረጣል፣ የሌላ ሰው ስም ይሆናል» የምልበት ቀዳዳ አልነበረኝም። በሠፈሩ ታሪክ እንደዚያ ጥርት ብሎ የተሰማ ስም የለም።

ኦቾሎኒ ሻጯ የምትሰፍርበት ጣሳ አየር ላይ ቆመ። ፓፓ ባዚል ባርኔጣውን አወለቀ፣ ውስጡን አየት አደረገ፣ መልሶ ደፋው። የቢራ ቤቱ ባለቤት ግን እየሳቀ ከውስጥ ወጣና ትከሻዬን መታ መታ አደረገኝ።

«አንተ ፓፓ ዶናቲያን፣ ድምፅህን አጥፍተህ ለካ እንዲህም ታውቅበታለህ?»

እዚያው ወንበሬ ላይ አሰብኩት። «እኔ አይደለሁም» ብል ሠፈሩ በሙሉ «ታዲያ ማነው?» ሊል ነው። «አዎ እኔ ነኝ» ብል ውሸት ነው፤ በዚያ ላይ የሚበደር ሰው እስከ ቤቴ በር ይሰለፋል። ስለዚህ ፈገግ አልኩ። ፈገግታ ቃል አይደለም፤ ፍርድ ቤት አያቀርቡትም።

ፓፓ ባዚልም ፈገግ አለ። እሱን ነው ያልወደድኩት።

ቤት ስገባ ሴራፊን በቅጠል ተጠቅልሎ የበሰለ ዓሣ አቅርባ ጠበቀችኝ። ጭንቅላቱ በእኔ ሳሕን ላይ ነበር። እኛ ቤት የዓሣ ጭንቅላት እሷ ናት የምትበላው፤ ትወደዋለች፤ ከሠርጋችን ጀምሮ ተከራክሬበት አላውቅም። ዘፈኑን ሰምታ እንደሆነ አልጠየቅኳትም። አጥራችን ከቢራ ቤቱ አጥር ጋር ይተያያል፤ የቢራ ቤቱ ድምፅ ማጉያ ደግሞ፣ እንዳልኩት፣ ጥሩ ይሠራል። እሷም ምንም አላለችኝም። ዓሣውን ብቻ «ብላ እንጂ» አለችኝ። ሚስት ስሟ ተወርውሮ፣ ለባሏ የዓሣ ጭንቅላት አቅርባ፣ ዝም ካለች ምን ማለት ነው? በላሁት። አጥንቱን አንድ በአንድ እየመረመርኩ ነው የበላሁት።

በማግስቱ ሸሚዜ ተተኩሶ ተሰቅሎ አገኘሁት። ከዚያ ወዲያ ጫማዬ ተወለወለ። ሰው ሳይበድል ለምን ይክሳል እያልኩ በተወለወለ ጫማ መዞር ጀመርኩ።

ነገሩ በእኛ በሁለታችን መሐል ብቻ ቢሆን ችዬው ልኖር እችል ነበር። ሴራፊን ግን የቪዮሌት ሊቀ መንበር ናት። ቪዮሌት የሴቶች ማኅበር ነው፤ ዕድሜው ከእኛ ትዳር ይበልጣል። ድሮ «ፔቲ ሶሌይ» የሚባል፣ ጣራ የሌለው፣ መደነሻው መሐል የማንጎ ዛፍ የቆመበት ዳንስ ቤት ነበር። የሴቶቹ ማኅበራት እዚያ ነበር የሚመጡት፤ አንድ ዓይነት ሽርጥ ለብሰው፣ ጸጉራቸውን አንድ ዓይነት ተሠርተው፣ ከፊት ይቀመጣሉ። ወንዱ እነሱን ለማየት ይመጣል፤ ሲያይ ይጠማዋል፤ ሲጠማው ይጠጣል። እኔም ከመድረኩ ሥር ተኝቼ ሽቦ ስቀጥል ነው መጀመሪያ የሴራፊንን እግር ያየሁት። ወንዶቹ ታዲያ አየት አድርጎ መሄድ አልበቃቸውም፤ የዚህችኛዋ ባል የዚያችኛዋን ስም፣ የዚያችኛዋ ባል የዚህችኛዋን ስም ማስጠራት ጀመሩና ማኅበሩ ሊፈርስ ደረሰ። ያኔ ነው ሴቶቹ ሕግ ያወጡት። ስሟ የተወረወረላት ሴት በዓመት በዓሉ ቀን የወረወረውን ሰው በሰው ፊት ትጠራለች። ሰውየው ይቆማል፤ እሷም የዓመቱን አዲስ ሽርጥ ትከሻው ላይ ታደርጋለች። የሚቆም ከጠፋ፣ ወይም የቆመው የሌላ ማኅበርተኛ ባል ከሆነ፣ ሽርጧን አጣጥፋ አስረክባ ትወጣለች። ሊቀ መንበር ብትሆንም።

በዓሉ የሚመጣው እሑድ ነበር።

ማክሰኞ ማማ ኡላሊ ሱቄ መጣች። የማኅበሩ ምክትል ናት፤ የፓፓ ባዚልም ሚስት። «ተበላሸብኝ» ያለችውን ሬዲዮ ጠረጴዛዬ ላይ አኖረች። ከፈትኩት፤ ወዲያው ዜና ማንበብ ጀመረ።

«ይሠራል እኮ» አልኳት።

«አሁን ነው የሠራው» አለችና በርጩማ ስባ ተቀመጠች።

ስለ ዝናቡ አወራች፣ ስለ ካሳቫ ዋጋ አወራች፣ ስለ ልጇ አማት አወራች። ዓይኗ ግን ፊቴ ላይ እንደ ዝንብ ያርፍ ይነሣ ነበር። በመጨረሻ ባሏ ባለፈው ወር ሁለት ጊዜ አዲስ ሽቶ መግዛቱን ነገረችኝ። እኔም ሽቶ ዛሬ ሁሉም ሰው ይገዛል አልኳት።

«ፓፓ ዶናቲያን፣ እንደ ወንድም ነው የምጠይቅህ። የሚስትህን ስም የወረወርከው አንተ ነህ?»

«ማማ ኡላሊ፣ እንዲህ ያለው ነገር ይጠየቃል እንዴ?»

«ከሆንክ አዎ ትላለህ፤ ካልሆንክ ደግሞ እንደዚህ ትላለህ።» ተነሣች። «እኔ ሴራፊንን እወዳታለሁ። ግን እሑድ የሚቆመው የእኔው ሰውዬ ከሆነ፣ ሽርጧን እኔው ራሴ ነኝ የማጣጥፍላት። ጠርዝ ለጠርዝ አድርጌ።»

ሬዲዮውን ይዛ ሄደች። ዜናው እስከ መንገዱ ማጠፊያ ድረስ ይሰማ ነበር።

እንግዲህ ሁለታችንም የጠረጠርነው አንድ ሰው ነበር። አብሮ የሚጠረጥር ሰው ማግኘት ደስ ይላል ሲባል ሰምቼ ነበር፤ ደስ አላለኝም። ያን ቀን ማታ ሴራፊንን አየኋት፤ ለበዓሉ የተቆረጠውን ሽርጥ ጉልበቷ ላይ ዘርግታ በእጇ ትዳብሰው ነበር። ቪዮሌት ከሌለ ያቺ ሴት እሑድ ከሰዓት ምን ታደርጋለች? እኔን ፊት ለፊት ቁጭ ብላ ታየኛለች። ለእሷም ለእኔም አሰብኩ።

ሐሙስ ጠዋት ወደ ምንጩ ሄድኩ። የማርሻል ሲልቬር ባንድ የሚለማመደው «ዜሮ-ዜሮ» በሚባለው የምሽት ክበብ ነው። ዜሮ-ዜሮ የድሮው ፔቲ ሶሌይ ነው፤ ጣራ ገጠሙለት፣ ግድግዳውን ጥቁር ቀቡት፣ ማንጎውን ቆርጠው በቦታው ብረት ተከሉ፤ ብረቱ ላይ ሴቶች ይንጠለጠላሉ ይላሉ። በቀን ሲያዩት እንደማንኛውም መጋዘን ነው። ወንበሮቹ ጠረጴዛ ላይ ተገልብጠዋል፤ የአየር ማቀዝቀዣው ውኃ ባልዲ ውስጥ ይንጠባጠባል። ጥቁር መነጽር ያደረገው ዘበኛ በዚያ ጨለማ እንዴት እንዳየኝ አላውቅም፤ «ፓፓ፣ ስምዎ የመግቢያው ዝርዝር ላይ አለ?» አለኝ። የእኔ የለም፣ የሚስቴ ግን ዘፈኑ ላይ አለ ልለው ፈልጌ ነበር። ድምፅ ማጉያ ልጠግን ነው የመጣሁት አልኩት፤ የተበላሸ ድምፅ ማጉያ የሌለው ክበብ ስለሌለ አስገባኝ።

ፓፓ ሞዴስትን አገኘሁት። ጊታሪስቱ እሱ ነው። በፔቲ ሶሌይ ዘመንም የሚጫወተው እሱ ነበር፤ የልጅ ልጆቹ ከሚሆኑ ልጆች ጋር ያጫውቱታል፣ በመብራቱ ጀርባ ያስቀምጡታል። ክር እየቀየረ ነበር። ዙሪያ ጥምጥም አልሄድኩም።

«ሞዴስት፣ የሚስቴን ስም ማነው ያስጠራው?»

«ማንም» አለኝ።

«ሞዴስት።»

«ማንም ነው የምልህ።» የክሩን ጫፍ በፒንሳ ቆረጠው። «ዜፊሪን ንዞላን ታውቀዋለህ? የደረቅ ዓሣ አከፋፋዩን? እዚሁ ዮሎ የነበረውን?»

አውቀዋለሁ። ሠፈሩ ሁሉ ያውቀዋል፤ በተለይ ከጠፋ ወዲህ።

ሞዴስት እንደነገረኝ፣ ዜፊሪን ስሙ እንዲጠራለት ገንዘብ ሊከፍል ቃል ገባ፤ ማርሻሉም አመነውና ዘፈኑ «ዜፊሪን ንዞላ፣ የዮሎ ኩራት» ተብሎ ተቀረጸ። ዜፊሪን ግን ቃሉን ሳይፈጽም ወንዙን ተሻግሮ ብራዛቪል ገባ። ማርሻሉ ተናደደና ስሙን ከዘፈኑ አስወጣው። ስሙ ወጣ፤ ቦታው ግን ባዶ ቀረ። ከበሮው እዚያ ሲደርስ ጉድጓድ ነው፤ የሚደንስ ሰው እግሩ ይገባበታል። ማርሻሉ የራሱን ስም ሞከረ፣ አጠረ። የእናቱን ሞከረ፣ ረዘመ። የአንድ ጄኔራል ስም ሞከሩ፣ ፈሩና ተዉት።

«እኔ ክር እቃኝ ነበር» አለ ሞዴስት። «ከአፌ አመለጠኝ፦ ሴራፊን ንሶና። ዜ-ፊ-ሪን ንዞ-ላ፣ ሴ-ራ-ፊን ንሶ-ና። እንደ ድስት ክዳን ግጥም አለ። ማርሻሉ 'ማናት?' አላለም፤ 'ቀጥሉ' ነው ያለው። ይኸው ነው።»

ከዚያ ሌላ ጥርጣሬ መጣብኝ።

«አንተ ግን ይኸን ሁሉ ዘመን ስሟን ምን አድርገህ ያዝከው?»

«የስንቱን ሴት ስም ይዣለሁ። ጊታሪስት ነኝ እኮ፣ ዶናቲያን።» ሳቀ። «ያኔ ቪዮሌቶች በበር ሲገቡ ስማቸውን ተራ በተራ እንጠራ ነበር፤ ማንም ሳያዘን። ስንጠራቸው ይነሣሉ፣ ሽርጡ ይታያል፣ ቤቱ ይሞላል። ማን ለማን ይክፈል? የኡላሊ ስም ቢገጥም ኖሮ የኡላሊን ነበር የምለው። አይገጥምም።»

እንግዲህ እውነቱን ይዤ ወጣሁ። ፀሐይ ላይ ቆሜ ሳየው ለምንም የማይጠቅም እውነት ነው። «ማንም አልከፈለም» ማለት በእኛ ከተማ የበደለኛ ሁሉ የመጀመሪያ ቃል ነው። ለሙከራ ያህል ያን ቀን ከሰዓት ለፓፓ ባዚል ወሬ አስመስዬ ጣል አደረግኩለት፦ የአንዷ ሴት ስም ቦታ ለመሙላት ብቻ ተወረወረ አሉ፣ አልኩት። መሐረቡን ከኪሱ አውጥቶ እንባው እስኪፈስ ሳቀ። «የአንዷ ሴት ባል እሱን አመነ?» አለኝ። ሲስቅ ደግሞ ዓይኔን አላየኝም፤ የሰው ሚስት ስም የወረወረ ሰው እንዲህ ነው የሚስቀው ወይስ ያልወረወረ ሰው? ይኸው እውነቱን አውቄም መጠርጠሬን አላቆምኩም። መጠርጠር እንደ ማስነጠስ ነው መሰለኝ፤ ከጀመረ ይመጣል።

ለሴራፊንም ልነግራት ነበር። ሁለት ጊዜ አፌን ከፈትኩ። አንዴ ኦቾሎኒ ሻጯ ከመንገድ ማዶ «የዮሎ ኩራት!» ብላ ጠራቻትና ሴራፊን ሳታስበው አንገቷን ቀና አደረገች። አፌን ዘጋሁ። አንዴ ደግሞ ዓሣ እያጎረሰችኝ ነበር።

እሑድ መጣ። በዓሉ ቢራ ቤቱ ደጅ ላይ፣ ላስቲክ ተወጥሮ ነበር። ቪዮሌቶች በአዲሱ ሽርጥ መጡ፤ ከጎጆዋ የምትበር ወፍ ያለበት ነው፤ ገበያ ላይ «አንተ ከወጣህ እኔም እወጣለሁ» ይሉታል። የድሮዎቹ ቀስ ብለው ይራመዳሉ፤ አንዳንዷ በምርኩዝ ነው። ግን ሲቀመጡ፣ አንድ ላይ ሽርጣቸውን ሰብሰብ አድርገው ሲቀመጡ፣ መንገደኛው ይቆማል። እኔ ከፓፓ ባዚል ጋር ከወንዶቹ በኩል ነበርኩ። አዲሱን ሽቶ ተቀብቷል። ጥሩ ሽታ ነበር፤ ያ ነው የከፋው።

ከተበላ በኋላ ማማ ኡላሊ ተነሣች። ማኅበሩ ፍቅር መሆኑን ተናገረች፤ ፍቅር ደግሞ ሕግ እንዳለው ተናገረች፤ ከዚያ ወደ ሴራፊን ዞረች።

«ሊቀ መንበራችን፣ ስምሽን ሰምተናል። ደስ ብሎናል። አሁን ደግሞ የሰውየውን እንስማ።»

ሴራፊን ተነሣች። አጣጥፋ የያዘችው ሽርጥ ክንዷ ላይ ነበር። ትጠራኛለች ብዬ ነበር፤ አልጠራችኝም። ዓይኖቿ ጠረጴዛው ላይ ነበሩ።

«ስሜን የወረወረ ይቁም» አለች።

ማንም አልወረወረም፤ ማንም አይቆምም፤ እዚያ ካለነው ይህን የማውቀው እኔ ብቻ ነኝ። ገና ይህን እያሰብኩ ከጎኔ ወንበር ተንቀሳቀሰ። ፓፓ ባዚል እጁን ጠረጴዛው ላይ አስደግፎ፣ ባርኔጣውን አስተካክሎ፣ እየተነሣ ነው።

እንዴት እንደቆምኩ አላውቅም። ጉልበቴ ጠረጴዛውን መታው፣ ጠርሙስ ወደቀ።

«እኔ ነኝ» አልኩ። ማይክ ያለ ይመስል ነው የጮህኩት።

ሴቶቹ እልል አሉ። ፓፓ ባዚል ግማሽ ቁመት ላይ ቀርቶ ነበር። ማማ ኡላሊ ከማዶ ጠየቀችው፦

«አንተስ ምን ሆነህ ነው የቆምከው?»

«ሽንቴን» አለ።

ሄደም። ሽንት ቤቱ በስተግራ ነው፤ እሱ በስተቀኝ ወደ መንገዱ ወጣ። ኡላሊ በዓይኗ ሸኘችው፤ እኔም ሸኘሁት።

ሴራፊን ሽርጡን ትከሻዬ ላይ አደረገችልኝ፣ ጠርዙን በሁለት እጇ ይዛ ወደ መደነሻው ሳበችኝ። የማርሻሉ ዘፈን ተከፈተ። ፊቷ ላይ የሊቀ መንበር ፈገግታ ነበር፤ አፏ ግን ጆሮዬ ሥር ነው።

«አንተ እንዳልሆንክ አውቃለሁ» አለች። «አንተ ብትሆን ዋጋ ተከራክረህ ግማሽ ስሜን ነበር የምታስጠራው።»

ስቼ እግሯን ረገጥኩት። ፈገግታዋ አልተነቃነቀም።

«ካወቅሽ ታዲያ ዓሣው ምንድነው? ሸሚዙስ?»

«እንድትቆምልኝ ነዋ።»

ይህን ለመዋጥ አንድ ዙር ፈጀብኝ። ከዚያ ማን መስሏት እንደነበር ጠየቅኳት፤ አንተስ ማን መሰለህ አለችኝ። እውነቱን ነገርኳት፤ ዜፊሪንን፣ ወንዙን፣ ጉድጓዱን፣ የሞዴስትን የድስት ክዳን። ሰማችኝ። ሽርጡ ከትከሻዬ እስኪንሸራተት ድረስ ሳቀች፤ እኛን የሚያዩ ሁሉ ምን ያህል ብንዋደድ ነው ብለው ሳይገምቱ አልቀሩም።

«ማንም!» አለች ሽርጡን እየመለሰች። «ሁሉም ወንድ እንዲህ ነው የሚለው። ዝም ብለህ ደንስ፤ ኡላሊ እያየችን ነው።»

ደነስኩ። ዘፈኑ ሚኒስትሩን አለፈ፣ የሲሚንቶ ነጋዴውን አለፈ። ስሟ ጋ ሲደርስ እጇ ትከሻዬን ጠበቅ አድርጎ ያዘኝ። እኔን ይሁን የያዘችው ወይ ስሟን፣ አልለየሁትም።